በሣሩ ውስጥ የደበቅኳት ጉንዳን

ጉንዳኗን መሳል የጀመርኩት ከተሰረቅኩ በኋላ ነው። ተሰረቅኩ ስል ቦርሳ ወይም ስልክ አይደለም። መሃል ከተማ ያለ አንድ የጨርቅ ኩባንያ ሥራ ልጠይቅ ሄጄ፣ ወራት የፈጀብኝን የኮባ ቅጠል ሥዕል አሳይቼ፣ «እንደውልልሻለን» ተብዬ ወጣሁ። አልደወሉም። ዓመት ሳይሞላ በርባንክ ከተማ አንድ ሱቅ የትራስ ልብስ ልገዛ ብገባ የኔ ኮባ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። ቀለሙን ቀይረውታል። የቅጠሉን ዳር ነፋስ የተረተረበትን ቦታ ግን እኔ ነኝ የሳልኩት፤ የገዛ እጄ አይጠፋኝም። ሕግ የሚያውቅ ሰው ባማክር «የአንቺ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? ቅጠል እንደሆነ ቅጠል ነው። የእግዜር ሥራ ላይ ስሜን ልጻፍበት?

ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምን አልኩ። የማተሚያ ቤቱን ሰውዬ አላምንም፣ ጓደኞቼን አላምንም፣ «እስቲ ሥራሽን አሳዪኝ» ያለኝን ሁሉ በጎሪጥ ነው የማየው። በየሥዕሌ ውስጥ ደግሞ አንዲት ጉንዳን መደበቅ ጀመርኩ። ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፣ ሆን ብዬ አንድ እግር ነስቻታለሁ። ቀርቦ ላልመረመረ ሰው የቅጠል ጥላ ናት። የሰረቀኝ ሰው እሷንም አብሮ ይሰርቃታል፤ ያን ጊዜ አንገቱን ይዤ «ይቺስ የማን ናት?» እለዋለሁ። ሐሳቤ ይሄ ነበር።

የማወራው ግን ስለ አዳራሹ ነው። የሳንታ ሞኒካው ባቡር ሥራ የጀመረ ሰሞን ይመስለኛል። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው፣ ከምግብ ቤታቸው ጀርባ የነበረውን የድሮ የምንጣፍ መጋዘን የሠርግ አዳራሽ ሊያደርጉት ተነሡ። ሐሳቡ የባለቤታቸው ነበር አሉ። ሐበሻ ልጁን ሊድር በየሆቴሉ ሲንከራተት እያየች ታዝን ነበር። አዳራሹ ሳይከፈት ዐረፈች። እኔ በሕይወት አላየኋትም፤ ጋሼን የተዋወቅኳቸው ከቀብሯ በኋላ፣ አዳራሹን እንዳስጌጥላቸው ሲያስጠሩኝ ነው፣ ጥቁር ሸሚዝ በጥቁር ከረባት አድርገው፣ ጢማቸውን አሳድገው። የምግብ ቤቱን ማድቤት የያዙት ደግሞ የሟች ታላቅ እህት፣ እትዬ ነበሩ።

መጋዘኑ እንዲህ በቀላሉ የሚሞላ ቤት አይደለም። በዚህ በኩል ቆሞ በዚያ በኩል ያለውን ሰው ለመጥራት ስልክ ያስፈልጋል። ጣሪያው ቱቦና ሽቦ የተጠላለፈበት ነው፤ ቀና ብሎ ላየው የመኪና ሆድ ይመስላል። ጋሼ ወለሉ ላይ ለየሠርጉ ቄጤማ እንዲጎዘጎዝ ፈልገው ነበር። ኢንሹራንሱ አይሆንም አለ። ሰው አዳልጦት ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? «ሠርግ ያለ ቄጤማ ምን ሊመስል ነው?» ብለው ሲተክዙ አፌ ቀደመኝና «ወለሉ ላይ ካልተፈቀደ ጣሪያው ላይ እናድርገዋ» አልኩ። ሣር የታተመበት ረጃጅም ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር እንወጥራለን፣ ያ አስቀያሚ ቱቦም ይሸፈናል። ጋሼ አዩኝ፣ አዩኝና «ሞክሪው እስቲ» አሉ።

ለኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ሥራዬ ሁሉ የሰው ስም ተለጥፎበት ነው የወጣው። ይሄ የመጀመሪያው የራሴ ነው፣ ያውም ያገሬ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ በሚያይበት ቦታ። ይሄንንም ከተሰረቅኩ ሁለተኛ እርሳስ አልጨብጥም ብዬ ማልኩ። የምሬን ነው የማልኩት።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ነገር ከላይ ወደ ታች እየታየ አይሳልም፤ ሰው ከሥር ሆኖ ነው የሚያየው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኖርዝ ሆሊውድ ካለው ቤቴ አጠገብ ወደሚገኝ መናፈሻ እሄድና ያልታጨደ ሣር ያለበት ጥግ ላይ በጀርባዬ እጋደማለሁ። ጉንጬን መሬት አስነክቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሣሩ መሃል ወደ ላይ አያለሁ። በዚያ በኩል ሣር ሌላ ነገር ነው። ግንድ ያወጣል። ሥሩ ጋ ጠቁሮ፣ ወደ ላይ እየሳሳ፣ ጫፉ ላይ ብርሃኑን አሳልፎ ቢጫ ይሆናል፤ በየመሃሉ ሰማይ ቁርጥራጭ እየሆነ ይታያል። እንዲያ ተጋድሜ ስሥል አንዲት ውሻ የምታናፍስ ፈረንጅ በላዬ ቆማ «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ሥራ ላይ ነኝ አልኳት። አላመነችኝም፣ ዞር እያለች እያየችኝ ሄደች። እኔም እሷን አላመንኳትም፤ ሥዕሉን በስልኳ ልታነሳው ይሆናል ብዬ ወረቀቱን በሆዴ ሸፈንኩት። እንዲህ ነበርኩ ያኔ።

ሥዕሉ እየተደጋገመ ስለሚታተም አንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር ሲገጥም መገናኛው እንዳይታወቅ ብዙ ደከምኩ። ስጨርስ ጉንዳኗን አንዱ ግንድ ላይ፣ ወደ ሥሩ ስትወርድ አድርጌ አስቀመጥኳት። ከዚያ እሳት እንዳይዘው መድኃኒት በጠጣ ጨርቅ ላይ አንድ ናሙና አሳተምኩና ይዤ ሄድኩ። እንዲህ ላለ አዳራሽ ሌላ ጨርቅ አይፈቀድም።

መሰላል ላይ ወጥቼ ናሙናውን ከቱቦዎቹ ጋር አሰርኩት። ጋሼና እትዬ ከሥር ቆመው ቀና አሉ። እኔ ከላይ ሆኜ ፊታቸውን ነው የማየው። ሰው ሥራ ሲወድ ፊቱ ይከፈታል፣ ሲጠላ ይጨማደዳል፤ የነሱ ግን ሁለቱንም አላደረገም። በመጨረሻ እትዬ «ያምራል፣ በጣም ያምራል» አሉና ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መልሰው ወደ ማድቤት ሄዱ። ጎመን እሳት ላይ ጥደዋል መሰለኝ፤ አለዚያ እንዲያ አይሮጡም።

ጋሼ አልሄዱም። «ይሄን ከየት ሆነሽ ነው ያየሽው?» አሉኝ።

ጆሮዬ ቆመ። ማንም ደንበኛ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ደንበኛ መቼ ይደርሳል ነው የሚለው፣ ቀለሙ ይለቃል ወይ ነው የሚለው። እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቀው ሊሠራው የፈለገ ሰው ነው። «ከመሬት» አልኳቸው፣ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ተጋድመሽ?»

«እንደዚያ ነገር።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ «ናሙናው እኔ ጋ ይደር» አሉ። አይሆንም ልል ፈልጌ ነበር፤ ጥቁር የለበሰ ሽማግሌ ፊት አይሆንም ማለት አፌን ያዘው። ተውኩላቸው። ያን ቀን ድራይቭ አድርጌ ቤቴ እስክደርስ ራሴን ስሳደብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ አልጥም አለኝ። በሌላ ቀን የጣሪያውን ስፋት እንደገና ልለካ ብሄድ ጋሼ ወንበር ስበው ናሙናው ሥር ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፎቶ ያነሳሉ። ሲያዩኝ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ይሄ ጨርቅ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቢውል ይለቃል?» አሉኝ። ለአዳራሽ የሚሠራ ጨርቅ ፀሐይ ምን አገባው? ጃንጥላ ሊያደርጉት ነው፣ ድንኳን ሊያሰፉበት ነው ብዬ ደመደምኩ። እትዬ ከቻይና መጋረጃ የሚያስመጣ ዘመድ እንዳላቸው አንድ ጊዜ በወሬ መሃል ሰምቼ ነበር። አሃ አልኩ። ቁርጥራጩ ሁሉ ገጠመልኝ። አንድ ፎቶ፣ አንድ ናሙና፣ አንድ ዘመድ፣ አለቀ። የኔ ሣር በኮንቴይነር ተጭኖ ሲመጣ ይታየኝ ጀመር።

በአፌ እርስዎ እያልኩ በልቤ ግን አንተ ማለት ጀመርኩ። አጅሬ፣ ጥቁር ለብሰህ፣ ጢም አሳድገህ፣ እያልኩ። ናሙናውን እንዲመልሱልኝ ብጠይቅ «ትንሽ ይቆይ» አሉ። ቀሪውን ላሳትም ወይ ብላቸው «እናስብበት» አሉ። እኛ ዘንድ እናስብበት ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ?

አንድ ቀን እትዬን ማድቤት ገብቼ ያዝኳቸው። ስገባ ከአስተናጋጇ ጋር እያወሩ ነበር፣ እኔን ሲያዩ ጸጥ አሉ። እሱም ተመዘገበ።

«እትዬ፣ ጋሼ ሐሳባቸውን ቀየሩ እንዴ?»

ሽንኩርቱን መክተፍ አላቆሙም። «ለጊዜው ተይው። ጊዜ ስጪው።»

«ካልወደዱት በግልጽ ይንገሩኝ። እኔ አልቀየምም።»

«ማን አልወደደውም አለ?» አሉና ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ከሽንኩርቱ ነው አልኩ። «በጣም ያምራል አልኩሽ እኮ።»

በጣም ያምራል ሲሉ አሁንም አላዩኝም። ያን ቃል ጠልቼው ነበር። ሰው ፊት ለፊት የማይለውን ነገር ሊሸፍንበት ሲፈልግ ነው በጣም የሚያምረው። እዚያ ቆሜ ጊዜ የሚፈልጉት እስኪያሳትሙት ነው ብዬ ወሰንኩ።

በነጋታው ረፋድ ላይ ከምግብ ቤቱ ትይዩ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ በትክክል አላውቅም ነበር። ጋሼ ወጡ። በብብታቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ በላስቲኩ ቀዳዳ አረንጓዴው ይታያል። የኔ ሣር ነው። የመኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት፣ ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት። ሞተሬን አስነሣሁና እግር በእግር ተከተልኳቸው።

ፌርፋክስን ወደ ሰሜን ያዙት። ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ጡሩንባውን ሲያንባርቅብኝ እኔም የሳቸውን ዝግታ ይዤ ተጎተትኩ። መታጠፊያ ሳይደርሱ ገና ከሩቁ ፍሬቻ ያበራሉ። ሽማግሌ ሌባ እንዴት ለመከተል ይመቻል ብዬ ሳቅኩ። ተራራውን ወጥተን ወደ ሸለቆው ወረድን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በርባንክ አዞሩ፤ ሳቄ ጠፋ። ኮባዬ የተሸጠበት ከተማ። አሁን ያዝኩህ አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን። የምናገረውን ሁሉ አዘጋጀሁ። ጉንዳኗን አሳያቸዋለሁ፣ እግሯን አስቆጥራቸዋለሁ፣ ከዚያ ፌርፋክስ ላይ ቀና ብለው እንዳይሄዱ አደርጋለሁ።

ከፊልም ስቱዲዮዎቹ ማዶ ባለ አንድ ኮረብታ ፍሬቻ አበሩ፣ በትልቅ የብረት በር ገቡ። ተከትዬ ገባሁ። መናፈሻ መሰለኝ፤ ሣሩ ተስተካክሎ የታጨደ፣ ዛፉ ትልልቅ፣ ውሃ የሚረጭ ቱቦ እዚህም እዚያም። እዚህ ምን ዓይነት ማተሚያ ቤት አለ እያልኩ ዳር ያዝኩ። ከመኪናዬ ወርጄ ሁለት እርምጃ ስሄድ ጫማዬ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነካ። ወደ ታች ሳይ ስም ተጽፎበታል። ቀና ብዬ ሳይ ኮረብታው ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ከሣሩ እኩል የተቀበሩ ስሞች። መቃብር ነው።

ጋሼ ከአንድ ዛፍ አጠገብ ተንበርክከው ናሙናውን ከላስቲኩ አውጥተው ሣሩ ላይ ዘረጉት። ጠርዙን በመዳፋቸው አስተካከሉ። ተመልሼ ልሂድ ብዬ ወደ መኪናዬ ዞርኩ።

«ነይ፣ ጥላው ጋ ነይ» አሉ፣ ዞር ሳይሉ። «ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»

ሄድኩ። «መቼ ነው ያዩኝ፣ ጋሼ?»

«ከፌርፋክስ ጀምሮ። ፍሬቻውን ቀደም ቀደም አድርጌ ያበራሁልሽ እንዳትጠፊ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልቆሙልኝም?»

«አፍረሽ ነው ብዬ። እሷን አታውቂያትም፣ ለቅሶም አልደረስሽም። እኔን ልትጠይቂኝ አፍረሽ፣ ዝም ብለሽ ከኋላዬ ልትመጪ ፈለግሽ መሰለኝ። ቆሜ ላሳፍርሽ አልፈለግኩም።» የጨርቁን ጠርዝ እንደገና አስተካከሉና «ደስ አለኝ» አሉ።

ሌባ እያልኩ ያሳደድኳቸው ሰው ለካ መንገድ እየመሩኝ ነበር። ለካ ተመስግኜ ነው የመጣሁት። ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ትቼ «እግዜር ያጥናዎት» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ክፉ አይንካሽ» አሉ። ከናሙናው ጎን ያለውን ሣር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እኔ ስመጣ የማየው ይሄን ነው። ከላይ። ያጭዱታል፣ ያጠጡታል፣ ያምራል። እሷ ግን ያለችው ከዚህ በታች ነው። የሚያስጨንቀኝ እሱ ነበር። ጨለማ ነው ብዬ። ልብሴን ስለብስ አስበዋለሁ፣ ሰው ሳስተናግድ አስበዋለሁ። አንቺ ያን ጨርቅ ስትሰቅይው ቀና አልኩና አየሁት። ከዚህ በታች ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያየውን ነው የሳልሽው።»

«ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ አስቤ...»

«አውቃለሁ። ለሠርግ ነው የሳልሽው። ግን ሰማይ አለው።» በጣታቸው አንዱን ነጣ ያለ ሰማያዊ ቦታ ነኩት። «ሰማይ ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፎቶ እያነሳሁ እያመጣሁ ከዚህኛው ሣር ጋር አስተያየሁት። በኋላ ጨርቁ ራሱ እዚህ ቢውል አልኩ። ፀሐይ ያለቅቀዋል ወይ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እህቷም ያን ቀን ገብቷታል። አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ ማን ደፍሮ ያነሣዋል።»

እትዬ ወደ ማድቤት የሮጡት፣ ሲያወሩ ጸጥ ያሉት፣ ያ ሽንኩርት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ቀጥሎ የመጣልኝ ግን የገዛ ነገሬ ነው፣ አልዋሽም፤ ሣሬ አለቀለት አልኩ። መቃብር የሚያስታውስ ጨርቅ ሥር ማን ልጁን ይድራል? «ለአዳራሹ ሌላ እሥላለሁ» አልኳቸው።

«ለምን? ሙሽራ ቀና ሲል ሰማዩን ነው የሚያየው። ሌላውን የምናየው እኛ ነን፣ እኛ ደግሞ እንችለዋለን። አሳትሚው። ይሰቀል።» ከዚያ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና የናሙናውን አንድ ጥግ ወደ ራሳቸው ሳቡት። «አንድ ነገር ብቻ።»

ጣታቸው የት እንደሚያርፍ ሳይደርስ አወቅኩት። ሦስት ሜትር ጨርቅ ውስጥ ቀጥታ እሷ ላይ አረፈ። በዙሪያዋ ጨርቁ ተፍቆ ጭጋግ ሠርቷል።

«መጀመሪያ እድፍ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅኩት። አልለቅ ሲለኝ መነጽር አድርጌ አየሁት። ጉንዳን ናት። ወደ ታች ነው የምትወርደው።» ጣታቸውን ከላይዋ አላነሡም፣ የሸፈኗት ይመስል። «ሌላው እንዳለ ይሁን። ጉንዳኗን ግን አውጪልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ለምን ሳልሻት አላሉኝም። «እሺ» ብቻ አልኩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ሥዕሉን ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩና አጉልቼ አጉልቼ ጉንዳኗ ጋ ደረስኩ። ያ ውስጤ ያለው ሰላይ አሁንም አልተኛም፤ ምልክትሽን በገዛ እጅሽ አስወጡሽ እኮ፣ ብልሃቱ ይሄ ቢሆንስ፣ ይለኛል። መቃብር ድረስ ሄጄም፣ ያን ሁሉ ሰምቼም። ራሴን ታዘብኩት። ከዚያ አጠፋኋት፣ ቦታዋን በሣር ሞላሁት፣ ደግማ ተደብቃ እንዳትቀር ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩ። አሁን ያን ሣር ማንም ወስዶ ቢያትመው የኔ ነው የምልበት ማስረጃ የለኝም።

አዳራሹ በአንድ ሠርግ ተከፈተ። ሙሽሮቹ ገና ከመግባታቸው ቀና ብለው ፎቶ ይነሡ ጀመር፣ ልጆቹ በጀርባቸው ወለሉ ላይ እየተጋደሙ ያያሉ፣ እናቶቻቸው እየጎተቱ ያነሷቸዋል። እትዬ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አድርገው አለፉ፣ ያምራል አላሉኝም። ጋሼን ሳያቸው ጥግ ላይ ቆመዋል። መነጽራቸውን አድርገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ጣሪያውን ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር እየተራመዱ ይፈትሻሉ፤ ሰው ሲያናግራቸው በእጃቸው ቆይ ይላሉ። አላመኑኝም ማለት ነው። አልፈረድኩባቸውም። የመጨረሻው ጨርቅ ሥር ሲደርሱ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ፣ መጥተውም ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጠው በሉ።